ነጭ ጋዝ የለመደ ጀሪካን ለምን አይጸዳም?



ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ እስከ እንጦጦ ግርጌ፣ ቁልቁልም እስከ ጳውሎስ ሆስፒታልና እስከ ፓስተር ድረስ በተዘረጉት የጉለሌ መንደሮች ጀሪካን የሌለበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ውሃ በፈረቃ በሚለቀቅበት ሰፈር ጀሪካን ማለት ምንጭም ጋንም ነው። ዘይት ይመጣበታል፤ ዘይቱ ሲያልቅ ውሃ ይቀዳበታል፤ ሲያረጅ ደግሞ ነጭ ጋዝ ይገዛበታል። እስከዚህ ድረስ ብዙም ክፋት የለውም። ችግሩ የሚመጣው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው፤ ይኸውም ላምባ የነበረበት ጀሪካን ወደ ውሃ ወይም ወደ ዘይት ሲመለስ።

እናቶቻችን ይህን ጀሪካን ለማጽዳት ያልሞከሩት ነገር የለም። በአመድ ያሹታል፣ በሳሙና ያጥቡታል፣ በፈላ ውሃ ያጥለቀልቁታል፣ ሎሚ ጨምቀው ያሳድሩበታል። በመጨረሻ አፍንጫ አስጠግተው ሲያሸቱት ሽታው የጠፋ ይመስላል። ክዳኑ ተዘግቶ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ግን ሽታው እንደገና ተመልሶ ይጠብቃቸዋል። «ምን ዓይነት ዕቃ ነው? ጋዙን አለቅም አለ እኮ!» የሚለውን ምሬት ያልሰማ የጉለሌ ልጅ ያለ አይመስለንም።

ምሬቱ እውነት አለው። ጀሪካኑ ጋዙን በእርግጥ ይዞታል። የያዘው ግን ሳሙና በሚደርስበት በገጹ ላይ ሳይሆን በግድግዳው ሥጋ ውስጥ ነው። ይህን ነገር ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ሲለኩት፣ ሲመዝኑትና ሲያሰሉት ቆይተዋል፤ ስሌቱም ለጓዳችን የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው በዚህ እትም ልናቀርብላችሁ ወደድን።

ከአል-ራዚ እስከ ላምባው

በቅድሚያ ስለ ጋዙ ጥቂት እንበል። ነጭ ጋዝ የምንለው ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣ፣ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠሩ የብዙ ውሕዶች ድብልቅ ነው። እነዚህ ውሕዶች ሃይድሮካርቦን ይባላሉ። በቡታጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ባለ 3ና ባለ 4 ካርቦን ሲሆን፣ ቤንዚን ከ4 እስከ 12፣ ነጭ ጋዝ ደግሞ በአብዛኛው ከ10 እስከ 16 ካርቦን ያላቸውን ሞለኪውሎች ይይዛል። የካርቦኑ ቁጥር ባነሰ መጠን በቀላሉ ይተናል፣ በፍጥነትም ይሮጣል። ቤንዚን የተከፈተበት ቤት ወዲያው የሚሸትተው፣ ነጭ ጋዝ ግን ቀስ ብሎ የሚሸትተው በዚህ ምክንያት ነው።

በዘመናችን «ኬሮሲን» የሚለውን ስም ያወጣው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ካናዳዊው አብርሃም ጌስነር ነው። ነገር ግን ከእርሱ 900 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ925 ገደማ ያረፈው ታላቁ ሐኪምና የኬሚያ ሊቅ አቡበከር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አል-ራዚ «ኪታቡል አስራር» በተባለው ሥራው ጥቁሩን ነፍጥ በማጣሪያ ዕቃ ደጋግሞ በማንጠር እንዴት ነጩን ማውጣት እንደሚቻል ጽፏል። ያወጣውንም «ነፍጥ አብየድ» ብሎታል፤ ነጭ ነፍጥ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሰው «ነጭ ጋዝ» ሲል አል-ራዚን አስቦ አይደለም፤ ሁለቱም ያዩት ግን ያንኑ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። በነገራችን ላይ በአማርኛ ጠመንጃን «ነፍጥ» የምንልበት ቃልም ከዚሁ ከዐረብኛው «ነፍጥ» የመጣ ነው።

ጀሪካኑ ደግሞ ፖሊኢትሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ይህ ፕላስቲክ እ.ኤ.አ. በ1933 በእንግሊዝ አገር ሁለት ኬሚስቶች፣ ፋውሴትና ጊብሰን፣ ሌላ ነገር ሲሞክሩ በአጋጣሚ የተገኘ ነው። ጀሪካን የሚሠራበትን ጠንከር ያለውን ዓይነት ጀርመናዊው ካርል ዚግለር እ.ኤ.አ. በ1953 በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራበትን ዘዴ አገኘ፤ ከጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ ጋርም በ1963 የኖቤል ሽልማት ተጋራ። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ፖሊኢትሊንም ራሱ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠራ ነው። ልዩነቱ የነጭ ጋዝ ሞለኪውል ባለ 10 ወይም ባለ 16 ካርቦን አጭር ክር ሲሆን፣ የጀሪካኑ ግን ባለ ብዙ ሺህ ካርቦን ረጅም ክር መሆኑ ነው። ማለትም ጋዙና ጀሪካኑ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ውሃ ለዚህ ቤተሰብ ባዕድ ስለሆነ በጀሪካኑ ግድግዳ ውስጥ መግባት ይከብደዋል። ጋዙ ግን ቤቱ እንደ ገባ ሰው ነው።

ያለ ቀዳዳ ማለፍ

ብዙ ሰው «ጋዝ ያንጠባጥባል» ሲባል ቀዳዳ መፈለግ ይቀናዋል። በደህናው ጀሪካን ግድግዳ ላይ ግን ቀዳዳ የለም። ነገሩን ለመረዳት ለዒድ ልጆች የሚገዛላቸውን ፊኛ ማስታወስ ይበቃል። አፉ ጥብቅ ብሎ ታስሮ ሳለ በማግሥቱ ሟሽሾ ይገኛል። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1830ና 31 በፊላደልፊያ ከተማ ይህንኑ በጎማ ፊኛ ላይ ሲመረምር፣ የተለያዩ ጋዞች በተለያየ ፍጥነት እንደሚሾልኩ አስተዋለ። ምክንያቱን በትክክል ያስቀመጠው ግን ስኮትላንዳዊው ቶማስ ግራሃም ነው። ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1866 እንዳስረዳው፣ ጋዙ መጀመሪያ በአንደኛው ገጽ በጎማው ውስጥ ይሟሟል፤ ቀጥሎ በሥጋው ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ያልፋል፤ ከዚያም በሌላኛው ገጽ ተኖ ይወጣል። ስኳር በሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ ሁሉ ተንም በጠጣር ውስጥ ይሟሟል ማለት ነው። እንግዳ ነገር ቢመስልም እውነቱ ይኸው ነው።

መካከለኛው ደረጃ፣ ማለትም በሥጋው ውስጥ ያለው ጉዞ፣ በሳይንስ ቋንቋ ዲፊዩዥን ይባላል። እኛ ስርጸት ብለን እንቀጥል። የፕላስቲኩን ውስጥ በድስት የተቀቀለ ፓስታ አድርጋችሁ አስቡት። ረጃጅሞቹ ክሮች ተጠላልፈዋል፣ ነገር ግን ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ሙቀት እስካለ ድረስ ያለማቋረጥ ይወዛወዛሉ። በተወዛወዙ ቁጥር እዚህም እዚያም ለቅጽበት ክፍተት ይፈጠራል፤ የጋዙ ሞለኪውልም ዘሎ ይገባበታል። ቀጥሎ ወዴት እንደሚዘል አስቀድሞ የሚወስነው ነገር የለም፤ ወደፊትም ወደኋላም ሊሆን ይችላል። በዒድ ዋዜማ መርካቶ መሐል የተያዘ ሰው ሁኔታ ነው። አሥር እርምጃ ይሄድና ሰባቱን ተገፍቶ ይመለሳል።

እንዲህ ያለው ጉዞ አንድ የማይለወጥ ጠባይ አለው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ጊዜው ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። የስርጸትን ሕግ በቀመር ያስቀመጠው ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አዶልፍ ፊክ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1855 ነበር። ሕጉ በአጭሩ የሚለው ነገር ከሚበዛበት ወደሚያንስበት ይፈስሳል፣ ፍሰቱም በልዩነቱ መጠን ይበረታል ነው። በዚህ ቀመር ውስጥ የእያንዳንዱን ተንና የእያንዳንዱን ፕላስቲክ ጠባይ የሚገልጽ አንድ ቁጥር አለ። ሊቃውንቱ የሚለኩት ይህንኑ የስርጸት ቁጥር ነው።

በምንጭ ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ቅርጫት

አንድ የማይታይ ነገር በማይታይ መንገድ ሲሄድ እንዴት ይለካል? መልሱ ከሚጠበቀው በላይ ቀላል ነው፤ በሚዛን! ፕላስቲኩ ተን ሲጠጣ ክብደቱ ይጨምራል። የቱን ያህል በየትኛው ሰዓት እንደጨመረ መመዝገብ ብቻ ነው።

ማክቤይንና ባክር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1926 ለዚህ ሥራ የሚሆን ያማረ መሣሪያ ይፋ አደረጉ። ከኳርትዝ የተሠራ እንደ ፀጉር የቀጠነ የተጠማዘዘ ምንጭ ሽቦ፣ አየሩ በወጣለት የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ይንጠለጠላል። ከታቹ ትንሽ ቅርጫት አለች። በቅርጫቷ ውስጥ ጥቂት የፕላስቲክ ቅንጣቶች ይቀመጣሉ። ከዚያም የተፈለገው ተን፣ ለምሳሌ የሄክሳን፣ በታወቀ ግፊትና ሙቀት ይለቀቃል። ቅንጣቶቹ ተኑን እየጠጡ ሲከብዱ ሽቦው ይለጠጣል፤ ተመራማሪው በውጭ ሆኖ በአጉሊ መነጽር ልጥጠቱን እያነበበ ይጽፋል። ዛሬ ሽቦውን የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን ተክቶታል፣ ንባቡንም ኮምፒዩተር ይመዘግበዋል። የሥራው ሐሳብ ግን አልተለወጠም።

የተገኘው ንባብ በወረቀት ላይ ሲነደፍ ያ አራት እጥፍ ያልነው ነገር ይገለጣል። ቅንጣቱ በመጀመሪያው 1 ሰዓት አንድ እጅ ከጠጣ፣ ሁለት እጅ ለመጠጣት 4 ሰዓት፣ ሦስት እጅ ለመጠጣት 9 ሰዓት ይፈልጋል። በመሆኑም ክብደቱ ከሰዓቱ ጋር ሳይሆን ከሰዓቱ ካሬ ሥር ጋር ሲነደፍ የመጀመሪያው ክፍል ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። የመስመሩ ዘንበል ማለትና የቅንጣቱ መጠን ከታወቀ የስርጸት ቁጥሩ ይሰላል። በጠፍጣፋ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። በአንድ ወገን ተኑን አድርጎ በሌላው ወገን መቼ እንደሚደርስ መጠበቅ ነው። ይህን የመዘግየት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1920 ዴይንስ የተባለ ተመራማሪ በጎማ ላይ ተጠቀመበት፤ ባረር የተባለው ሊቅ ደግሞ በ1939 አስፋፍቶ አሳየው።

በጽሑፍ ሲነገር ቀላል ቢመስልም ሥራው የራሱ ጣጣ አለው። ቅንጣቶቹ ሁሉ እኩል አይደሉም፤ ድቡልቡልም አይደሉም። ተን ሲጠጡ ያብጣሉ፤ ሲያብጡ ክሮቻቸው ስለሚላሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ተን በበለጠ ፍጥነት ያስገባሉ። ስለዚህ የስርጸት ቁጥሩ ራሱ በልኬቱ መካከል ይለዋወጣል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ ከፋብሪካ በቀጥታ የወጣው የፕላስቲክ ዱቄት ነው። በዓይን ሲታይ አንድ ፍሬ ነው፤ ውስጡ ግን እንደ እንጀራ ዐይናም ነው። ተኑ በዐይኖቹ በኩል በአፍታ ይገባና እውነተኛውን አዝጋሚ ጉዞ የሚጀምረው በዐይኖቹ መካከል ባለው ስስ ግድግዳ ነው። ይህን ያላስተዋለ መዝጋቢ የፍሬውን ውጫዊ ስፋት ይዞ ካሰላ ቁጥሩ ከእውነቱ በብዙ እጥፍ ሊርቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ፖሊኢትሊን የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ከማብሰያው የሚያወጡት ዱቄት ያልተለወጠ ሃይድሮካርቦን ጠጥቶ ስለሚወጣ ነው። ይህ ትርፍ ተን በናይትሮጅን ነፋስ ካልተጠረገ በጎተራ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ከአየር ጋር ይደባለቃል፣ አንዲት ብልጭታም ጎተራውን ልታፈነዳው ትችላለች። ዱቄቱ ለስንት ሰዓት መነፋት እንዳለበት የሚወስነው ያ በምንጭ ሽቦ ላይ የተለካው ቁጥር ነው። አገራችን ይህን ፕላስቲክ ከጥሬው አታመርትም፤ ፋብሪካዎቻችን የተዘጋጀውን ፍሬ በከረጢት ከውጭ አስገብተው ነው ጀሪካንና ባልዲ የሚሠሩት። ጎተራው ሩቅ ነው፤ ስሌቱ ግን ለእኛም ጓዳ ይሠራል።

አሁን ወደ ጀሪካኑ

እስቲ አብረን እናስላ። ለስሌት እንዲመቸን የአንድ ቀለል ያለ ሃይድሮካርቦን የስርጸት ቁጥር በሰከንድ የአንድ ሚሊሜትር ካሬ አንድ ሚሊዮንኛ ነው እንበል፤ ይህ በጠንካራው ፖሊኢትሊን ውስጥ ሊገጥም የሚችል ዓይነት መጠን ነው። የጀሪካኑ ግድግዳ ውፍረት 1.5 ሚሊሜትር ይሁን። ከውስጥ የገባው ተን ግድግዳውን ዘልቆ በውጭ በኩል በደንብ መውጣት ለመጀመር የሚወስድበት የመዘግየት ጊዜ የውፍረቱ ካሬ ለስርጸቱ ቁጥር ስድስት እጥፍ ሲካፈል ነው፤ ሲሰላ 375 ሺህ ሰከንድ፣ ማለትም ከ4 ቀን ትንሽ በለጥ ይላል። ጀሪካኑን ዛሬ ሞልታችሁ ብታሸቱት በውጭ በኩል ምንም የለም። በሳምንቱ ግን ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ሳለ መጋዘኑ ይሸታል።

ቀጥሎ ጀሪካኑ ባዶ ሆነ እንበል። ባዶው ጀሪካን 1 ኪሎ ቢመዝንና ከክብደቱ በመቶ 3 እጅ ጠጥቶ ከሆነ በግድግዳው ውስጥ 30 ግራም ሃይድሮካርቦን ቀርቷል። ይህ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ በላይ ነው! ከዚህ ውስጥ በሳሙና የሚነካ አንድም የለም። ጀሪካኑ ክዳኑ ተከፍቶ አየር ከውስጥም ከውጭም በነፃነት ቢያገኘው ግማሹ ለመውጣት 31 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ይህ ተስፋ ይሰጣል። ነገር ግን ስርጸት መጨረሻው ላይ ሰነፍ ነው፤ የቀረው ባነሰ ቁጥር ፍሰቱም ይደክማል። ከሺህ አንድ እጅ ብቻ እስኪቀር 18 ቀን ገደማ ይወስዳል። ያን ጊዜም ከ30 ግራሙ 30 ሚሊግራም በግድግዳው ውስጥ አለ፤ ክዳኑ ሲዘጋ ወጥቶ የጀሪካኑን አየር ለማሽተት ይበቃዋል። የነጭ ጋዝ ሞለኪውሎች ደግሞ በስሌታችን ከያዝነው ከባድ ስለሆኑ ከዚህም ይዘገያሉ።

እናቶች በአንድ ቀን እጥበት ሽታው አልለቅ ያላቸው በቂ ስላላጠቡ አይደለም። ችግሩ የጉልበት ሳይሆን የጊዜ ነው። ሙቀት ያግዛል፤ በ10 ዲግሪ ልዩነት ብቻ ስርጸቱ ወደ እጥፍ የሚጠጋበት ጊዜ አለ። የፈላ ውሃውና የፀሐዩ ዘዴ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ለጥቂት ሰዓት መሆኑ ነው ያልበቃው።

ከቆራሌው ጋር የተያያዘም አንድ ነገር አለ። «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ልጅ የሚገዛው አሮጌ ጀሪካን በመጨረሻ ምናለሽ ተራን በመሳሰሉ ቦታዎች አልፎ እየተከተፈ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። የተከተፈ ፕላስቲክ ቶሎ ይነፍሳል ብሎ መገመት ያስኬዳል፤ ሒሳቡ ግን አይደግፈውም። ጀሪካኑ ጣት በሚያህል ቁራጭ ቢከተፍ ውፍረቱ ያው 1.5 ሚሊሜትር ነው፤ ተኑም የሚወጣው በውፍረቱ በኩል ስለሆነ ጊዜው ብዙም አይቀንስም። ለውጥ የሚመጣው ሲፈጭ ነው። በዚያው የስርጸት ቁጥር ዲያሜትሩ 3 ሚሊሜትር የሆነ ፍሬ ግማሹን ተን ለመልቀቅ 19 ሰዓት ሲፈልግ፣ ዲያሜትሩ ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ ቅንጣት በ32 ደቂቃ ይጨርሳል። ስድስት ጊዜ ሲያንስ ሠላሳ ስድስት ጊዜ ይፈጥናል። ጋዝ የነካው ጀሪካን ቀልጦ የተሠራ ባልዲ ገና ከሱቅ ሲገዛ ቢሸት አይግረማችሁ።

ውሃው፣ ዘይቱ፣ ቅቤው

የነጭ ጋዝ ጀሪካን ወደ ምን ሲዞር ነው ጉዳቱ የሚከፋው? ብዙ ሰው የመጠጥ ውሃውን ይፈራል። መፍራቱ ተገቢ ነው፤ የባሰው ግን ዘይት ነው። ሃይድሮካርቦን በውሃ ውስጥ እጅግ በጥቂቱ ብቻ ስለሚሟሟ ከግድግዳው የሚወጣው ትንሽ ነው፤ ሽታውም ያጋልጠዋል። የምግብ ዘይት ግን ጋዙን ያለ ገደብ ይጠጣል፤ በዚያ ላይ ሽታውን በራሱ ሽታ ይሸፍነዋል። ቅቤም እንዲሁ ነው። ከጋዝ ዕቃ አጠገብ ያደረ ቅቤ ሳይነካው የሚሸተው ተኑን ከአየር ላይ ስለሚጠጣ ነው። በመሆኑም አንድ ጊዜ ነጭ ጋዝ የገባበትን ጀሪካን ለዘይት፣ ለቅቤ፣ ለማርና ለወተት ፈጽሞ አትመልሱት። ለመጠጥ ውሃም ቢሆን አንመክርም። የመጸዳጃ ቤት ውሃ ይያዝበት፤ በላዩም በማይለቅ ቀለም ምልክት ይደረግበት።

ለውዱእስ? ይህ ጥያቄ የሚመለከተው ዑለሞቻችንን ስለሆነ ዝርዝሩን ለእነርሱ እንተዋለን። ሆኖም አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። የሻፊዒይ መዝሀብ የፊቅህ ኪታቦች በጦሃራ ምዕራፍ ውሃን ከሚለውጡ ነገሮች መካከል «ሙኻሊጥ» እና «ሙጃዊር» የሚሉትን ይለያሉ። የመጀመሪያው ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ የማይለይ ነው፤ ሁለተኛው ጎረቤት ሆኖ ብቻ ሽታውን የሚሰጥ ነው። ለሁለተኛው ዑድንና ቅባትን በምሳሌነት ያነሳሉ፤ ንጹሕ በሆነ ጎረቤት ምክንያት ሽታው የተለወጠ ውሃም አጥሪነቱን እንደማያጣ ያስቀምጣሉ። ሽታ ያለ መቀላቀል በጉርብትና ሊተላለፍ እንደሚችል ሊቃውንቱ አስተውለው ለይተው መጻፋቸው እጅግ ያስደንቃል። ለመጠጥ መሆኑ ግን የጤና ጉዳይ ነውና ከዚህ ተለይቶ ይታይ።

ስለ ፕላስቲክ ዓይነትም ጥቂት እንበል። በስሱ ፌስታል ውስጥ ጋዝ የነካው ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ አንዳች ነገር አያስቀርም፤ ፌስታሉ ስስ ከመሆኑም በላይ ብዙ ጊዜ ክሮቹ በላላ ሁኔታ ከተደረደሩበት ከለስላሳው ፖሊኢትሊን የሚሠራ ነው። «ሃይላንድ» እያልን የምንጠራው የውሃ ጠርሙስ ፕላስቲክ ደግሞ ሌላ ዘር ነው፤ ሃይድሮካርቦንን እምብዛም አይቀበልም፣ ተንም በደንብ ይይዛል። ታዲያ ለነጭ ጋዝ የሚሻለው ሃይላንድ ነው ልንል ነውን? በፍጹም! እዚህ ላይ ኬሚስትሪው ትክክል ቢሆንም ምክሩ ገዳይ ይሆናል። ሕፃን ልጅ ሃይላንድን የሚያውቀው በውሃነቱ ነው፤ ነጭ ጋዝም መልኩ ውሃ ነው። በታዳጊ አገሮች ሕፃናት በብዛት ከሚመረዙባቸው የቤት ውስጥ ነገሮች አንዱ ነጭ ጋዝ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ምክንያቱም በአብዛኛው በመጠጥ ዕቃ መቀመጡ ነው።

አደጋው ከደረሰ ልጁን ማስመለስ አይገባም። ጋዙ ከሆድ ይልቅ በሳንባ ውስጥ የከፋ ጉዳት ያደርሳል፤ ሲያስመልስ ደግሞ ወደ ሳንባ የሚገባበትን ሁለተኛ ዕድል ያገኛል። ወተት ወይም ዘይት ለማጠጣት ጊዜ ማጥፋትም አያስፈልግም። ጋዝ የነካውን ልብስ አውልቆ፣ ገላውን በውሃና በሳሙና አጥቦ፣ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። ልጁ ደህና ቢመስልም ይታይ፤ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከሰዓታት በኋላ ሊመጡ ይችላሉና።

ምን ያህል ይባክናል?

የሚሾልከው ተን የገንዘብም ጉዳይ ነው። አውቶሞቢሎች የፕላስቲክ ነዳጅ ታንከር መጠቀም ከጀመሩ ወዲህ ይህ ኪሳራ አምራቾቹን ሲያስጨንቅ ኖሯል፤ አንዳንዶቹ የፕላስቲኩን ገጽ በፍሎሪን ጋዝ በማከም፣ ሌሎቹ በግድግዳው መካከል ሃይድሮካርቦን የማይወድ ስስ ንጣፍ በማስገባት ሊያግዱት ችለዋል። በአሜሪካ አገር ለቤት አገልግሎት የሚሸጡ የቤንዚን ጀሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአንድ ጋሎን ይዘት በቀን ከ0.3 ግራም በላይ ተን እንዳያስወጡ በደንብ ተወስኗል። ይህን ወደ እኛ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብንመልሰው በቀን 1.6 ግራም፣ በወር 48 ግራም ያህል ይሆናል። ልብ በሉ፣ ይህ የተፈቀደው ከፍተኛ ልክ ነው፤ ገጹ ያልታከመ ተራ ጀሪካን ቤንዚን ሲሞላ ከዚህ በላይ ሊያሾልክ ይችላል። የነጭ ጋዙ ከቤንዚኑ በብዙ ያንሳል።

ስለዚህም ነው ቤንዚን በጀሪካን አድርጎ በመኝታ ቤት ወይም በማድ ቤት ማሳደር ከነጭ ጋዙ ይልቅ የሚያስፈራው። ነጭ ጋዝ በተለመደው ሙቀት በላዩ የሚያንዣብበው ተን በብልጭታ ለመያያዝ አይበቃም፤ ለዚያ ቢያንስ 38 ዲግሪ ያህል መሞቅ አለበት። እንደ ጉለሌ ባለ ደጋ፣ የአየር ግፊቱ ዝቅ በሚልበት ቦታ፣ ይህ ልክ በጥቂት ዲግሪ ይወርዳል። ቤንዚን ግን በእንጦጦ ብርድም ቢሆን ተኑ ብልጭታ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ነጭ ጋዝ ላይ ቤንዚን ተቀላቅሎ ሲሸጥ ምድጃ የሚፈነዳውም በዚሁ ምክንያት ነው። የቡታጋዝ የጎማ ቱቦም እንዲሁ ከተን ጋር ውሎ የሚያድር ፖሊመር ነውና ሲደርቅና ሲሰነጣጠቅ በጊዜው ይለወጥ። ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤ የምታሸቱት ሆን ተብሎ የተጨመረበትን ማስጠንቀቂያ ነው።

ለተማሪዎች አንድ ሥራ እንስጥ። ከአሮጌ ጀሪካን ውፍረቱ እኩል የሆነ አራት ቁራጭ ቁረጡ፤ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ፣ መምህር ባለበትና እሳት በሌለበት፣ በክዳናማ ብርጭቆ ነጭ ጋዝ ውስጥ ንከሩ። በ1ኛው፣ በ4ኛው፣ በ9ኛውና በ16ኛው ሰዓት አንድ አንድ እያወጣችሁ በሶፍት አድርቁና የወርቅ ሠሪ ሚዛንን በመሰለ፣ መቶኛ ግራም በሚያነብ ሚዛን መዝኑ። ከመንከሩ በፊት የነበረውን ክብደት መመዝገብ አትርሱ። ጭማሪው በየቁራጩ ክብደት ተካፍሎ ወደ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የተጠጋ ቅደም ተከተል ከሰጣችሁ የፊክን ሕግ በእጃችሁ ለክታችኋል። ካልሰጣችሁ መጀመሪያ ውፍረቱን እንደገና ለኩ፤ ጀሪካን ማዕዘኑ ላይና ሆዱ ላይ ውፍረቱ እኩል አይደለም።